ቀንጥፋን የሳለው ሰው

ወረታን እንዳለፍን የሚኒባሱ የኋላ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ «አምስት ደቂቃ!» ብሎ ወረደ፤ የረዳት አምስት ደቂቃ ስንት እንደሚሆን እናንተም ታውቁታላችሁ። እኔም ለወግ የማይመች ጉዳይ ነበረብኝና ከመንገዱ ወጣ ብሎ ወዳለ ቁጥቋጦ ገባሁ። ጉዳዬን ጨርሼ ልመለስ ስል ጃኬቴን ከኋላ አንድ ነገር ጨመደደው። ጎተትኩ፤ ባሰ። ላላቅቅ እጄን ብልክ እጅጌዬም ተያዘ። ከብት የሚጠብቅ አንድ ልጅ ሁኔታዬን አይቶ በሳቅ እየፈረሰ መጣ።

«አይጎትቱ ጋሼ! ወደሱ ጠጋ ይበሉ፣ ራሱ ይለቅዎታል።»

ጠጋ አልኩ፤ እውነትም ለቀቀኝ። «ምንድን ነው ይሄ?» ብዬ ብጠይቀው አንዴ እኔን አንዴ ቁጥቋጦውን አየ። ይህን የማያውቅ ትልቅ ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ።

«ቀንጥፋ ነዋ!»

እኔ ደግሞ ቀንጥፋን የማውቀው ከመጽሐፍ ነው፤ ያውም በላቲን ፊደል ተጽፎ። ጀምስ ብሩስ የሚባለው ስኮትላንዳዊ መንገደኛ ስለዚህ እሾህ የጻፈው ታሪክ አለ። (ከዚህ በኋላ የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።) ብሩስ ጎንደር በነበረበት ዘመን ንጉሡ ለጉዞ ሊወጣ ሲል በመንገዱ ያለው ቀንጥፋ ሁሉ ይመንጠር ተብሎ አዋጅ ይነገር ነበር። አንድ ጊዜ ታዲያ አንዱ ሳይመነጠር ቀርቶ የወጣቱን ንጉሥ የዳግማዊ ተክለ ሃይማኖትን ልብስ ያዘውና ፊታቸው ተገለጠ። ንጉሥ በሕዝብ ፊት ተሸፋፍኖ በሚሄድበት ዘመን ይህ ቀላል ነውር አልነበረም። የአገሩ ሹም በአንገቱ ከፈለ። እኔ በአንድ የተቀደደ ጃኬት መገላገሌ!

ረዳቱ ከክሪኩ ጋር ሲታገል እኔ አስፋልቱ ዳር ቁጭ ብዬ የብሩስን መጽሐፍ ስልኬ ላይ ከፈትኩ። አምስተኛው ቅጽ የዕፅዋትና የእንስሳት ነው። ቀንጥፋ እዚያ አለ። ቅጠሉ ደቃቅ ደቃቁ ግራና ቀኝ ተደርድሮ፣ እሾሁ ጫፉን ወደ ኋላ ቆልምሞ። ልጁ ያስተማረኝ ጥበብ ሥዕሉ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ መንጠቆው ወደ ኋላ ስለሚያይ የሚጎትት ሰው ራሱን ይበልጥ ይሰቅላል። እንዲህ አድርጎ የሚስል ሰው ቅርንጫፉን እጁ ላይ ይዞ ረጅም ሰዓት ያፈጠጠበት መሆን አለበት። ማን ነው የሳለው? መጽሐፉን ያመነ ሰው «ብሩስ ነዋ» ይላል። ወዳጆቼ፣ አይደለም። እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው፣ ስሙኝማ።

ሉዊጂ ባሉጋኒ ይባላል። በ1737 ቦሎኛ፣ ሰሜን ኢጣልያ ተወለደ። ቦሎኛን በስም የምታውቋት በፓስታ መረቅ ይሆናል፤ ለሥዕል ሰው ግን ቦሎኛ ማለት ባሮክ ማለት ነው። ባሮክ ሥዕል ዝም ብሎ መቀመጥ እምቢ ያለበት ዘመን ነው፤ ብርሃን ከጨለማ ጋር ይታገላል፣ ልብስ በነፋስ ይገለበጣል፣ ጣሪያ ተከፍቶ መላእክት ይወርዱበታል። ወንድማማቾቹ አኒባሌና አጎስቲኖ ካራቺ ከአጎታቸው ልጅ ከሉዶቪኮ ጋር ይህን መንገድ ከጀመሩት መካከል ናቸው፣ ጊዶ ሬኒና ጉዌርቺኖ ተከተሏቸው፤ ሁሉም የቦሎኛ ወይም የአካባቢዋ ልጆች ናቸው። ከተማይቱ ሌላም አባዜ ነበረባት። ከነዚህ ሠዓሊዎች በፊት ኡሊሴ አልድሮቫንዲ የሚባል ሊቅ ሠዓሊ እየቀጠረ ተክሉንም፣ ዓሣውንም፣ ወፉንም በሺህ በሚቆጠር ወረቀት ላይ በቀለም አስስሎ አስቀምጦ ነበር። የባሉጋኒ የልጅነት ከተማ እንግዲህ መልአክንም ቅጠልንም በእኩል ትጋት የምትስል ከተማ ናት።

እሱ የሠለጠነው በሕንፃ ንድፍ ነው። እውነቱን ልናገርና ሬኒ አይደለም፤ መሠዊያ የሚያስጌጥ ትልቅ ሸራ አልተወልንም፣ «ታላቁ ሊቅ» ብዬ ከንቱ ውዳሴ አልደረድርለትም። ግን ባሮክ ካሠለጠናቸው እጆች መካከል ጎንደር ድረስ መጥቶ የእኛን ጤፍ ቁጭ ብሎ የሳለ ማን አለ?

ከቦሎኛ ወደ ሮም ሄደ። ሮም ፒያሳ ናቮና አደባባይ መካከል ቤርኒኒ በ1651 የጨረሰው የአራቱ ወንዞች ምንጭ አለ። አራቱ ታላላቅ ወንዞች በግዙፍ ሰው አምሳል ተቀርጸው ተቀምጠዋል፤ ከአራቱ አንዱ ዓባይ ነው፣ ራሱም በጨርቅ ተሸፍኗል። ለምን? የዓባይን መነሻ የሚያውቅ የለም ለማለት ነው። ሰከላ ላይ ግሽ ዓባይን እየተሳለሙ ያደጉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ ምን ይሉ ነበር? ደግሞስ ፔድሮ ፓኤዝ የተባለው ስፔናዊ ኢየሱሳዊ ከአፄ ሱስንዮስ ጋር በ1618 ግሽ ደርሶ አይቶ ጽፎ ነበር፤ ጽሑፉ በሮም የታተመው ግን በ1652፣ የቤርኒኒ ድንጋይ ከተሸፈነ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በሮም የተማረ ሠዓሊ ያን ምንጭ ሳያይ አይቀርም። ከዓመታት በኋላ ያው ሠዓሊ ጨርቁ የሸፈነውን ነገር በዓይኑ ሊያይ ነው። ይህን ሳስብ ቆዳዬን ይወረኛል።

ወሬዬን ላሳጥር፤ ብሩስ በአልጀርስ የእንግሊዝ ቆንሲል ሳለ የሮማውያንን ፍርስራሽ የሚስልለት ሰው ፈለገ፣ በ1765 ባሉጋኒ ተቀጥሮ ባሕር ተሻገረ። ቱኒዚያን፣ ሊቢያን፣ ፓልሚራን፣ በዓልቤክን አብረው ዞሩ። ለሥራቸው ካሜራ ኦብስኩራ ነበራቸው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ጨለማ ክፍል ወይም ድንኳን ውሰዱ፣ በአንድ በኩል ትንሽ ቀዳዳ ክፈቱና መስተዋት ግጠሙበት፤ ውጭ ያለው ነገር ሁሉ ውስጥ ባለው ወረቀት ላይ በብርሃን ይወድቃል፣ ሠዓሊው መስመሩን ይከተላል። ጭቃ ቤት ውስጥ ያደጋችሁ በመስኮት ስንጥቅ የገባ ብርሃን የአላፊውን ጥላ ገልብጦ ግድግዳ ላይ ሲያሳይ አይታችሁ ይሆናል፤ እሱው ነው። የአምድና የቅስት ሥዕሎቹ ለንጉሥ ጆርጅ 3ኛ ተበርክተው ዛሬ ዊንድዘር ቤተ መንግሥት ይገኛሉ።

ምጽዋ የደረሱት በ1769 ነው፣ ጎንደር የገቡት የካቲት 1770። ከተማው በፈንጣጣ ተይዞ ነበርና ብሩስ ሐኪም ሆኖ ቁስቋም፣ እቴጌ ምንትዋብ ግቢ ገባ፤ እዚያም ተቀመጠ። ምንትዋብ ሥዕል ወዳድ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ሠዓሊዎቻችን ፊትን በጥላ ማሟላት፣ ልብስን በአበባ ጥለት መሙላት፣ ጀርባውን በቀይና በቢጫ ማሸብረቅ ያበዙበት ነው፤ ሁለተኛው የጎንደር አሣሣል የሚባለው። እዚህ ላይ አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። በ1591 ሮም ውስጥ በዐረብኛ የታተመ ወንጌል አለ፤ ሥዕሎቹን የነደፈው የፍሎረንሱ አንቶኒዮ ቴምፔስታ ነው። ያ መጽሐፍ ወደ እኛ አገር መጣ፣ የ17ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎቻችንም ሥዕሎቹን ተቀብለው በራሳቸው ቀለምና በራሳቸው ዓይን መልሰው ሠሯቸው። ስለዚህ የኢጣልያ መስመር ጎንደር የገባው ኢጣልያዊው ከመምጣቱ መቶ ዓመት በፊት ነው። ገብቶም ጎንደሬ ሆኖ ነበር። ቦሎኛዎች ጣሪያን በሥዕል ሲከፍቱ ሰማይ ይታያል፤ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቀና ብትሉ የሚታያችሁ የሚያዩአችሁ ዓይኖች ናቸው። (የመላእክቱን ፊት ለመቁጠር ሞክሬ ሁለት ጊዜ የተለያየ ቁጥር አመጣሁ።)

ባሉጋኒ ከፍርስራሽ ወደ ቅጠል የዞረው እዚህ ጎንደር ነው። የሳላቸውን ስጠራላችሁ የአማርኛ ስማቸውን ከብሩስ አጻጻፍ ውስጥ ፈልቅቃችሁ ታወጣላችሁ፦ ዋንዛ፣ ኮሶ፣ ቁልቋል፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ቀንጥፋ፣ ወልክፋ፣ ዋጊኖስ፣ ቋራ። ቋራን አንዳንዱ አገር ቆርች ይለዋል፤ ብሩስ የወርቅ መለኪያው «ካራት» የመጣው ከቋራ ፍሬ ነው ይላል፣ እኔ አልገዛውም፣ የግሪክ ቃል ነው። ሥራው በችኮላ አይሆንም። ቅጠል እንደተቀጠፈ መጠውለግ ይጀምራል፣ አበባም ሰዓቱ ሲያልፍ ይከደናል፤ ሠዓሊው መጀመሪያ ቅርጹን በእርሳስ ይይዛል፣ ከዚያ አበባውን ከፍቶ ክፍሉን ለየብቻ ይስላል፣ ቀለም በመጨረሻ ይመጣል። ጤፍን አስቡት። በየቀኑ የምንበላው ነው፤ ግን ከመካከላችን የጤፍ አበባ ምን እንደሚመስል የሚያውቅ ስንት ነው? እኔ ያየሁት በባሉጋኒ ሥዕል ነው፣ አፍሬ።

ብሩስ በፎገራ በኩል ያለፈው በግንቦት 1770 ነው፤ ከእንፍራዝ ተነሥቶ የጣናን ምሥራቃዊ ዳር ይዞ ወደ ደራ ወርዶ ጢስ ዓባይን አይቷል። ርብንና ጉማራን ሳይሻገር እዚያ አይደረስም፤ ሁለቱም ከጉና ተራራ ወርደው ሜዳውን ከፍለው ጣና ይገባሉ፣ ክረምት ሲመጣ ከአፋቸው ሞልተው ይተኙበታል። እኔ ጎማ የሚቀየርበት ቦታ ቁጭ ብዬ የማየው ሜዳ ግን ያኔ ሌላ ነበር። ዙሪያዬ ያለው ሩዝ ነው። ፎገራ ሩዝን የተዋወቀችው ገና በደርግ ዘመን በሰሜን ኮርያ ባለሙያዎች ሲሆን፣ አንደኛው ዝርያ ዛሬም የተጀመረበትን ቀበሌ ስም ይዞ «ኤክስ ጅግና» ይባላል፤ ወረታ ደግሞ የሩዝ ምርምር ማዕከል አላት። ውሃ የሚተኛበት መሬት እርግማን መሆኑ ቀርቶ ሲሳይ ሆነ። ሐይቁ ዳር ያለውን እምቦጭ ደግሞ ባላነሣው ይሻለኝ ነበር፤ እሱም የመጣው በእኛ ዕድሜ ነው። ባሉጋኒ ዛሬ ቢመለስ እዚህ ሜዳ ላይ የሚያውቃቸው የፎገራ ከብቶቹን፣ ታንኳ የሚሠራበትን ደንገልና ቀንጥፋን ነው።

አሁን ወደ ክፉው ክፍል እንምጣ።

በጥቅምት መጨረሻ 1770 ብሩስ ከጎንደር ተነሥቶ በጣና ምዕራብ በኩል ወደ ግሽ ሄደ፤ ኅዳር መጀመሪያ ላይ ደረሰ። በመጽሐፉ ውስጥ ይህ ታላቁ ትዕይንት ነው። ረጅሙ ስኮትላንዳዊ ጫማውን አውልቆ ወደ ምንጩ ይሮጣል፣ ውሃ ቀድቶ ለንጉሥ ጆርጅ ጤና ይጠጣል፣ አጠገቡ ስትራቴስ የሚባል ግሪክ እንደ ቀልደኛ ቆሟል። ባሉጋኒስ? የለም። ብሩስ በመግቢያው እንደሚነግረን ባሉጋኒ ሲቀጠር እምብዛም የማያውቅ ወጣት ነበር፣ ያሠለጠነው እሱ ራሱ ነው፣ ፍልስጤም ውስጥ በያዘው የማይድን በሽታም ኢትዮጵያ ከገቡ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ሞቷል።

ችግሩ ሟቹ ማስታወሻ ይጽፍ ነበር። የግሽን መንገድ ከነሰፈሩ፣ ከነአየሩ፣ በገዛ እጁ በኢጣልያንኛ መዝግቧል። ምንጩ ዘንድ ነበረ። የሞተው ከግሽ ከተመለሱ በኋላ በ1771 መጀመሪያ፣ ጎንደር ላይ በተቅማጥ ነው። ገና 33 ወይም 34 ዓመቱ ነበር። ብሩስ «መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ» ለማለት ከፊቱ የነበረውን ፓኤዝን ዋሾ አለ፣ አጠገቡ የቆመውን ባሉጋኒን ቀድሞ ቀበረ።

ብድሩ ግን ሳይውል ሳያድር መጣ። ብሩስ ለንደን ተመልሶ ስለ ጥሬ ሥጋ መብላትና ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ሲያወራ ብዙው ሰው «ውሸታም» ብሎ ሳቀበት። መጽሐፉን ያወጣው ተኩራርፎ ቆይቶ በ1790 ነው፣ አምስት ትላልቅ ቅጽ። በዚያን ጊዜ ሁሉ ያየውን ያየ፣ የሄደበትን የሄደ፣ ቀን በቀን የጻፈ አንድ አውሮፓዊ ምስክር ነበረው፤ ወረቀቱም ገዛ ቤቱ ውስጥ ተቀምጧል። ሊያወጣው አልቻለም። ምስክሩን ቢጠራ «ብቻዬን» ያለው ይፈርሳል። ቀንጥፋ እንዲህ ነው የሚይዘው።

ስሞቹን ተመልከቱልኝ ደግሞ። ኮሶን ብሩስ በለንደኑ የዕፅዋት ሊቅ በጆሴፍ ባንክስ ስም ጠራው፤ ስሙ አልጸናም፣ ዛሬ ሳይንሱ ሐጌኒያ አቢሲኒካ ይለዋል። እንሰት የራሱን ስም ይዞ ዓለምን ዞረ፤ ሊቃውንቱ «እንሰት» የሚለውን የእኛን ቃል ለወገኑ ሁሉ መጠሪያ አደረጉት፣ ለአውሮፓም መልኩን ያስተዋወቀው ያ በመዳብ ተቀርጾ የታተመ ሥዕል ነው። ዋጊኖስ ደግሞ ብሩሲያ ተባለ፣ በብሩስ ስም፤ ሁለተኛ ስሙ አንቲዲሴንቴሪካ ነው፣ የተቅማጥ መድኃኒት ማለት። ብሩስ ከአገር ሲወጣ ሱዳን ጠረፍ ላይ ተቅማጥ ይዞት የአገሬው ሰው በዋጊኖስ አዳነው። ዋጊኖስን ወረቀት ላይ ያኖረው ሰው በዚያው በሽታ ከሞተ ገና ዓመት ገደማው ነበር። በአምስቱ ቅጽ ውስጥ ለባሉጋኒ የተሰጠ አንድ ቅጠል ፈልጌ አጣሁ።

ብሩስን ሙሉ በሙሉ አልጠላውም፤ የግዕዝ መጻሕፍትን አስጽፎ ወስዷል፣ ጎንደርን እንደሱ አድርጎ የገለጠ የውጭ ሰው ጥቂት ነው። ሥዕሎቹንም አላቃጠለም። ረቂቁም ያለቀለትም፣ ማስታወሻዎቹም ጭምር ከዘመናት በኋላ ፖል ሜለን በሚባል አሜሪካዊ ሰብሳቢ እጅ ገብተው ዛሬ በዬል ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝ ሥነ ጥበብ ማዕከል፣ ኒው ሄቨን ከተማ ተቀምጠዋል። በ1991 የአፍሪካ ዕፅዋት ሥዕሎቹ በስሙ፣ በባሉጋኒ ስም፣ አንድ ትልቅ መጽሐፍ ሆነው ወጡ። ከሞተ 220 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ጎማው ተቀየረ፣ ጎንደር ገባን። ከሦስት ቀን በኋላ ስመለስ ወረታ መናኸሪያ አጠገብ ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። ከጎኔ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ አሉ፤ ሩዝ ሊያስፈለፍሉ መጥተው መብራት ጠፍቶባቸው ነው። ስልኬን አውጥቼ ሥዕሉን አሳየኋቸው።

«አባባ፣ ይህን ያውቁታል?»

ስልኩን ከእጄ ወስደው ከዓይናቸው አራቁት፣ መልሰው አቀረቡት። አውራ ጣታቸው ሲነካው ሥዕሉ ጎላ፤ ደንገጥ አሉና ሳቁ። ከዚያ እሾሁን እያዩ ዝም አሉ።

«ቀንጥፋ ነው እንጂ። የጠመመበትን እንኳ አልሳተውም። ይሄን የሳለው ሰው ተይዞበት ያውቃል።» ስልኩን አልመለሱልኝም። «ማን ይባላል?»

«ባሉጋኒ።»

«ባሉ? የማን ባል?»

ሻይ ቤቱ ሁሉ ሳቀ፤ እኔም። ስሙን ፊደል በፊደል ቆራርጬ ደገምኩላቸው። እሳቸውም ሥዕሉን እያዩ ቀስ ብለው አሉት፤ አንዴ ተሳስተው፣ ሁለተኛውን በትክክል።